ጎንደር ልግባ ወይስ ከእናቴ መንደር ልቆይ?

የተከበሩ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰነበቱ?

የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተምሬ ከተማው ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ ስትታመም ሥራዬን ትቼ ወደ ተወለድሁበት መንደር ተመለስሁ። መንደራችን ከዳባት ከተማ በእግር አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ ስለሚሞላ ከዚያም በላይ ይርቃል። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ጎንደር አዘዞ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። መንገዱ ሰላም ሲሆን በየሁለት ሳምንቱ ወይ እሱ ይመጣል ወይ እኔ እሄዳለሁ።

እናቴ ስፌት ሰፊ ናት። በአካባቢያችን የሙሽራ ሞሰብ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠራው የእሷ ስም ነው። አጠገቧ ሆኜ ሳስታምማት ከልጅነቴ የተውሁትን ወስፌ እንደገና አነሣሁ፤ ጎረቤቶቻችንም አንድ በአንድ እየተጨመሩ ዛሬ እኔንና እናቴን ጨምሮ 12 ሴቶች ሆነናል። ሞሰብ፣ ሙዳይ፣ አገልግልና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጠኛ ሰፌድ እንሰፋለን። ሒሳቡን የምይዘው፣ ዕቃውን በአህያ ዳባት አድርሼ ወደ ጎንደር የምጭነው፣ ገንዘቡንም የማከፋፍለው እኔ ነኝ። ለዚህ ድካሜ የማስቀረው የለም፤ በሰፋሁት ልክ ብቻ እወስዳለሁ።

አሁን የጨነቀኝ ይህ ነው። ጎንደር ውስጥ የባህል ዕቃ መሸጫ ያላቸው አንድ ነጋዴ ለጥምቀት የሚሆን 300 ትንንሽ ሰፌድ እስከ ጥር 5 እንድናስረክባቸው ጠይቀውኛል። አንዱን ሰፌድ አንዲት ሴት በቀን አራት ሰዓት እየሠራች በሦስት ቀን ትጨርሰዋለች፤ ለሣርና ለቀለም 50 ብር ያህል ይወጣበታል። እሳቸው 350 ብር ይከፍሉናል፤ በሱቃቸው 900 ብር ሲሸጡት በዓይኔ አይቻለሁ። ለሁለት ዓመት ለሌላ ሰው እንዳንሸጥ ውል እንድፈርም፣ ዕቃው ላይም የእኛ ምልክት እንዳይኖር ይፈልጋሉ። ሥራው እንዲፋጠን አክርማ በሚባለው የስፌት ሣር ፋንታ የፋብሪካ ክር እንድንጠቀምም መከሩኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ «በክር የተሰፋ ሰፌድ ከእኔ ቤት አይወጣም» ብላ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። ሴቶቹ ግን የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ደብተር ስላለባቸው የተገኘውን እንቀበል ይላሉ። ቅዳሜ፣ እሑድና በየወሩ በዓላት ወስፌ አይነሣም፤ ወቅቱ ደግሞ አጨዳ ነው፤ ለአጨዳ የሚቀጠር ሰው በቀን 400 ብር ይከፈለዋል።

ባለቤቴ በበኩሉ «ጎንደር ግቢና ሱቅ እንክፈት፤ ዕቃውን ከገጠር ታስመጫለሽ፤ እኛም እንደ ባልና ሚስት እንኑር» ይለኛል። ሦስት ዓመት ታግሦኛልና አልፈርድበትም። ነገር ግን እኔ ከሄድሁ ሥራው የሚበተን፣ ሴቶቹም ደላላ እጅ የሚወድቁ ይመስለኛል። ማታ ማታ በሶላር መብራት ዙሪያ ተቀምጠን ስንሰፋ ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ ደስ ይለኛል። ነጋዴው በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይጠብቃሉ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ ሰፊ፣ ከዳባት ወረዳ፤ ኅዳር 10

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ዕድሜሽ ከታናሽ እህቴ ጋር ስለሚቀራረብ «አንቺ» እያልሁ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበትን ነገር ልንገርሽ። ባለቤትሽ የሚፈልገውን፣ እናትሽ የምትለውን፣ ነጋዴው የጠየቁትን፣ ሴቶቹን የቸገራቸውን ሁሉ በዝርዝር ጽፈሽልኛል። ስለ ራስሽ የጻፍሽው ግን በሶላር መብራት ዙሪያ ስትሰፉ ደስ እንደሚልሽ የምትናገረውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር በሌላው ሰው ፍላጎት ተሸፍና እንዳትቀር እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጭንቀትሽን ያከበደው፣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ቀነ ገደብ ስለ ታሰሩብሽ ይመስለኛል። አንደኛው ትእዛዙን ልቀበል ወይስ አልቀበል የሚል የሥራ ጥያቄ ነው፤ ሌላው የት ልኑር የሚል የኑሮ ጥያቄ ነው። ነጋዴው የሰጡሽ ሁለት ሳምንት የሚመለከተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የትዳርሽና የእናትሽ ነገር በጥምቀት ገበያ ልክ ሊቆረጥ አይገባውምና ለጊዜው ለያይተን ከትእዛዙ እንጀምር።

ሒሳብ የተማርሽ ነሽና ቁጥሩን አብረን እንየው። ደብዳቤሽን ከጻፍሽበት ቀን እስከ ጥር 5 ድረስ 55 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድን፣ ሚካኤልን፣ ኅዳር ጽዮንን፣ በዓታን፣ ታኅሣሥ ገብርኤልን፣ ገናንና ሌሎቹን በዓላት ስናወጣ ወስፌ የሚነሣበት ቀን 30 ያህል ይቀራል። 12 ሴቶች በቀን አራት አራት ሰዓት ቢሰፉ በጠቅላላው 1,440 ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ሰፌድ 12 ሰዓት ስለሚፈጅ የሚደርሰው 120 ነው። ይህም አጨዳውንና ውቂያውን ረስተን ነው። በዚህ ወቅት አንዲት የገጠር ሴት ለአጫጅ እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ውኃ ቀድታ አራት ሰዓት ይተርፋታል ብዬ ለማመን ይከብደኛል፤ ግማሹን ብታገኝ 60 ሰፌድ ነው። ስለዚህ 300 የተባለው ቁጥር ሴቶቹን እንቅልፍ ነሥቶ ወይም ሥራውን አበላሽቶ ካልሆነ በቀር አይደረስበትም። ይህን ለነጋዴው መንገር ውርደት አይደለም። «እስከ ጥር 5 ድረስ 60፣ ከፋሲካ በፊት ደግሞ ሌላ 100 እናስረክባለን» ብሎ ቃልን መጠበቅ፣ 300 ብሎ 90 ይዞ ከመቅረብ እጅግ ይሻላል።

ዋጋው ይበልጥ ያሳዝነኛል። ከ350 ብር ላይ የሣርና የቀለሙ 50 ብር ሲቀነስ 300 ብር ለ12 ሰዓት ሥራ ይቀራል፤ በሰዓት 25 ብር መሆኑ ነው። ለአጨዳ የተቀጠረ ሰው ስምንት ሰዓት ቢሠራ እንኳ በሰዓት 50 ብር ያገኛል። እንግዲህ ከእናትሽ እጅ የወጣ፣ ዓመታት የፈጀ ሙያ ከማጭድ ሥራ በግማሽ ዋጋ እየተሸጠ ነው። የገጠር የእጅ ሥራ የማያድገው ገበያ ስለሌለው ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ሰፊዋ ሰዓቷን አለመቁጠሯ ነው። ያልተቆጠረ ሰዓት የትርፍ ጊዜ ሥራ ይባላል፤ የተሻለ ክፍያ በመጣ ቁጥር ይጣላል፤ ልጆችም እናታቸው ስትደክምበት እንጂ ስትጠቀምበት ስላላዩ አይማሩትም።

በሰዓት 50 ብር ካሰብን የሰፌዱ የድካም ዋጋ 600 ነው፤ ሣሩና ቀለሙ ሲጨመር 650፣ ማጓጓዣውና የሚበላሸው ሲታሰብ 700 ብር አካባቢ ይደርሳል። ነጋዴውም የሱቅ ኪራይ፣ ግብርና ሳይሸጥ የሚከርም ዕቃ አለባቸውና 700 ይከፍላሉ ብዬ አልገምትም። ከ550 ብር በታች ከሆነ ግን አትቀበዪ እላለሁ። ይህን ስልሽ የማዳበሪያ ዕዳ ያለባቸውን ሴቶች ዘንግቼ አይደለም። ለእነሱ ሰዓታቸውን ቆጥረሽ ብታሳያቸው ምን ይሉ ይሆን? ከመልስሽ በፊት አንድ ማታ የሒሳብ ደብተርሽን በመብራቱ ሥር ዘርግተሽ ይህን ስሌት በእነሱ ፊት ሥሪው። ውሳኔው የሁላቸውም እንዲሆን፣ ነጋዴው እምቢ ቢሉም ጣት ወደ አንቺ ብቻ እንዳይቀሰር። በስሌቱ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልገባ አንድ ደመወዝም አለ፤ እሱም የአንቺ ነው። አህያ ስትነጂ፣ ስትጭኚ፣ ሒሳብ ስትይዢ የምታጠፊው ቀን ከእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ሊታሰብለት ይገባል። አንቺ በነፃ እየሠራሽ የቆመ ሥራ፣ አንቺ በታመምሽ ቀን የሚተካሽን ሰው መቅጠር አይችልም።

ስለ ትልቅ ትእዛዝ ስጽፍ ከራሴ ሕይወት የማልረሳው ነገር አለ። ከብዙ ዓመት በፊት ሰፈራችን ውስጥ ጥቂት እናቶች ነጠላ እያሸመኑ ሲሸጡ ሒሳብ እይዝላቸው ነበር። አንድ ደንበኛ ለሠርግ 80 ነጠላ አዘዙንና ደስታችን ወሰን አጣ። ቀኑ ሲቃረብ የጥለቱ ክር አለቀ፤ ከሌላ ሱቅ ገዝተን ቀጠልን። በቤት ውስጥ ያው ቀይ መስሎን ነበር። ውጭ ፀሐይ ላይ ሲዘረጋ ግን የኋለኛው ጥለት ወደ ብርቱካን ያዘነብል ነበር። ደንበኛው 31ዱን መለሱብን፤ የጽሑፍ ውል ስላልነበረን የምንከራከርበት ነገር አልነበረም። እነዚያን ነጠላዎች ከወጪያቸው በታች ሸጥናቸው። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ እናት ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ሥራው አልተመለሱም። አንዱን ነጠላ ለማስታወሻ ገዝቼ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጨዋለሁ፤ ዛሬም አውጥቼ ሳየው ያ የጥለት ቀለም ያስቆጨኛል።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚበቃውን አክርማ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ድስት ንከሩት፤ አለላው፣ ማለትም የተነከረው አክርማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰፌድ አንድ ዓይነት ይሁን። ከካርቶን በሰፌዱ ልክ ክብ ቆርጠሽ ለእያንዳንዷ ሰፊ ስጪ፤ እጇ ሰፋ ወይም ጠበብ ሲልባት ራሷ እየለካች ታስተካክለዋለች። ሁለት ናሙና ሰፍታችሁ አንዱ ነጋዴው ዘንድ፣ አንዱ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ጭቅጭቅ ቢነሣ ዳኛው እሱ ነው። ስፋቱ በሴንቲ ሜትር፣ ብዛቱ፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ዋጋው፣ መንገድ ላይ ቢበላሽ ወይም መንገድ ተዘግቶ ቢዘገይ ማን እንደሚሸከመው ይጻፍ። ግማሹን በቀብድ ጠይቂ። በስልክ ገንዘብ ማስተላለፍ የተለመደ ሆኗልና ቀብዱም ቀሪውም በቴሌብር ወይም በባንክ ቢመጣ፣ ገንዘብ ይዘሽ አራት ሰዓት ከመጓዝ ትድኛለሽ፤ ማስረጃም ይቀርልሻል።

ለሌላ አትሽጡ የሚለውን ሐሳብ በዚህ መልኩ አልቀበለውም። ነጋዴው እናንተን ሲያስሩ ራሳቸው የታሰሩበት ነገር የለም፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገዙ አልጻፉም። በጣም ከጸኑ፣ አንዱን የሰፌድ ጥለት ለእሳቸው ብቻ፣ ለስድስት ወር፣ በየወሩ የተወሰነ ቁጥር እንዲገዙ ተስማምታችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ሞሰቡን፣ ሙዳዩንና አገልግሉን ግን ከዚህ ውል አውጪ።

ስለ ክሩ ጉዳይ ከእናትሽ ጋር ነኝ፤ ነገር ግን ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በክር የተሰፋ ሞሰብ መጥፎ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም፤ በየቤቱ አለ፤ ያምራል፤ ይረክሳልም። ሆኖም ክር በማንኛውም ከተማ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ያለች ሰፊ ካንቺ ቀድማ፣ ካንቺ ረክሳ ትሠራዋለች። እናንተ ግን ስንደዶውና አክርማው ደጃችሁ ይበቅላል፤ እናትሽ ደግሞ ሣሩን መቼ እንደምትለቅም፣ እንዴት እንደምትሰነጥቅ፣ በውኃ ምን ያህል እንደምታለሰልስ ታውቃለች። ከጎንደር ርቃችሁ መኖራችሁ ጥቅም የሚሆንበት ቦታ ቢኖር ይኸው ነው፤ እሱን ጥላችሁ ከተማው በሚበልጣችሁ ነገር ለምን ትወዳደራላችሁ? አንዳንዶቹ ሴቶች ለዕለት ገበያ በክር መስፋት ቢፈልጉ ግን እናትሽ በሌላው ሴት ቤት ላይ ባትከለክል መልካም ነው። ይህን ስትነግሪያት በነጋዴው ቃል ሳይሆን «እማዬ፣ የአንቺ ስም ያለበት ሁሉ በአክርማ ብቻ ይሰፋል» ብለሽ ጀምሪ። ሁለት ቀን ዝም ያሰኛት ቁጣ ብቻ ነው ወይስ «ሙያዬ ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው» የሚል ሐዘን ይሆን? ጠይቂያት እስኪ።

ምልክት አይኑረው የተባለውን በፍጹም አትቀበዪ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማዋ እንደወጣሽ ያለችውን ወለቃን ሳታልፊባት አትቀሪም። የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው ያስጠሯት መንደር ናት። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና በመካከሉም ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የወለቃ ስም ግን ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ በመንገዱ ዳር ሸክላ የሚሸጡትም እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ሆነ። ከወለቃ ሁለት ነገር እማራለሁ። ሠሪዋ ስትሄድ እጇ ላይ ያለው ዕውቀት አብሯት ይሄዳል፤ የቦታው ስም ግን ከሥራው ጋር ከተሳሰረ ለተከታዩ እንጀራ ይሆናል። የእናንተ ሰፌድ ስም አልባ ሆኖ ከሱቁ ከወጣ የሚታወቀው ሱቁ ብቻ ነው።

ለጊዜው ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የመንደራችሁን ስም፣ የሰፊዋን ስምና ስንት ቀን እንደፈጀ የያዘች ትንሽ ወረቀት በክር አንጠልጥሉበት። እያደጋችሁ ስትሄዱ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምልክታችሁን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ትችላላችሁ፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት የሚጸና ሲሆን ይታደሳል። ከጥንት የመጣው ጥለት የሁሉም ነውና የእኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ስማችሁ ግን የእናንተ ነው። ምዝገባው በማን ስም እንደሚሆን ካሁኑ ተነጋገሩ። በአንቺ ስም ብቻ ከሆነ ነገ ቅሬታ ይወልዳል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በማኅበር መደራጀት የሚቻልበትን መንገድ የወረዳችሁ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሊያስረዳሽ ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን አንድ ዓመት አብራችሁ ሠርታችሁ፣ ማን ምን እንደሚችል ካያችሁ በኋላ ብትመዘገቡ ይሻላል። የብድርም ነገር እንዲሁ ነው። የቀድሞው አማራ ብድርና ቁጠባ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ እና ሌሎችም አሉ፤ ነገር ግን የሰዓት ዋጋችሁ ሳይስተካከል የምትበደሩት ገንዘብ ኪሳራውን ያሰፋዋል።

ከነጋዴው ውጭ ማን ይገዛናል ብለሽ ትጨነቂ ይሆናል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ታላቅ በዓላችን ነው፤ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ታውቂዋለሽ። ሆኖም በክልላችን በደረሰው ጦርነትና የጸጥታ ችግር ምክንያት ጎብኚው እንደ ቀድሞው አይደለም፤ መንገዱም ኢንተርኔቱም በድንገት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኑሯችሁን በሙሉ በበዓል እንግዳ ላይ አትጣሉት። ሠርግ አለላችሁ። በጥር ይዳራል፤ ከፋሲካ በኋላም ይዳራል፤ የጎንደር፣ የዳባትና የደባርቅ እናት ልጇን ስትድር ሞሰብ ትፈልጋለች። ያ ገበያ ከወራት በፊት የሚታወቅ፣ ቀብድ የሚከፈልበት፣ የእናትሽ ስም ቀድሞውኑ የደረሰበት ነው። እኔ ብሆን ሰፌዱን ለእንግዳ እየሸጥሁ የሥራዬን ምሰሶ በሙሽራ ሞሰብ ላይ እተክል ነበር።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ባለቤትሽ ዕቃው ከገጠር ይመጣል ሲል፣ ከገጠር የሚልከው ማን እንደሚሆን ተነጋግራችኋል? ደብዳቤሽ እንደሚለው የምትለኪው፣ የምትቆጥሪው፣ የምትጭኚው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ዛሬ ጎንደር ብትገቢ ሥራው እንደሚበተን የተሰማሽ ስሜት ትክክል ነው፤ መንስኤው ግን የምትኖሪበት ቦታ ሳይሆን ምትክ የሌለሽ መሆንሽ ነው። መንደር ብትቀሪም በታመምሽ ወይም በወለድሽ ቀን ያው ይበተናል። ስለዚህ የት እንደምትኖሪ ከመወሰንሽ በፊት ሥራውን ያለ አንቺ እንዲቆም አስተምሪው። ከሰፊዎቹ መካከል ወይም ከልጆቻቸው መካከል ትምህርት የቀመሰች፣ ሰው የሚያምናት አንዲት ወጣት አትጠፋም። በካርቶኑ መለካትን፣ በደብተሩ መመዝገብን፣ ገበያ ስትወጣ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ፎቶ መላክን ከዚህ ወር ጀምረሽ አሳያት፤ ለዚህም ከሥራው ይከፈላት።

ጎንደር ላይ ደግሞ ሱቅ ሳይከፈት የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። የአዘዞው ቤታችሁ አንድ ደረቅ ማዕዘን ካለው መጋዘን ይሁን። ሰኔ ሳይገባ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ የክረምቱን ዕቃ እዚያ አስገቡ፤ ስፌት እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ስለሚያበላሸው ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። አንቺ በየወሩ አንድ ሙሉ ሳምንት ጎንደር ተቀመጪ፤ የሠርግ ትእዛዝ ተቀበዪ፤ ሁለት ሦስት ሱቆችን አነጋግሪ፤ ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ የሌላውን ዋጋ እዪ። ያ ሳምንት ለባለቤትሽም የተሰጠ፣ የማይሰረዝ ይሁን። የሱቅ ኪራይ የምትከፍሉት ከዚህ ሽያጭ ስድስት ወር አይታችሁ ኪራዩን እንደሚችል ደብተሩ ሲነግራችሁ ብቻ ነው። ይህ ለእሱ የተሟላ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብቻውን አምሽቶ፣ ብቻውን በልቶ የኖረ ሰው ነውና «ታገሠኝ» ከማለት በፊት «እስከ መቼ» ለሚለው ጥያቄው ቀን መስጠት ይገባዋል። እኔ ግንቦት መጨረሻን አስቤ ነበር፤ እናንተ ሌላ ቀን ልትመርጡ ትችላላችሁ። እስከዚያ የእናትሽ ጤናም ይታያል፤ የምትተካሽ ወጣትም ትፈተናለች።

አሁን ያቺን ዓረፍተ ነገር ላንሣት። በመብራቱ ዙሪያ ደስ የሚልሽ ከስፌቱ ነው፣ ከሴቶቹ ጋር መሆኑ ነው፣ ወይስ እናትሽ አጠገብ መቀመጡ? ከስፌቱ ከሆነ ወስፌሽን ይዘሽ አዘዞም መስፋት ትችያለሽ። ከእናትሽ ከሆነ እሷን ጎንደር አምጥቶ ማሳከምና አብሮ መኖር ይቻል እንደሆነ ከባለቤትሽ ጋር መነጋገር አለባችሁ፤ እሷ እሺ ትላለች ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው፣ ግን ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? ከሴቶቹ ጋር መሆኑ ከሆነ ደግሞ ይህን ለባለቤትሽ በግልጽ ንገሪው፤ ምናልባት እስከ ዛሬ የሚያስበው እናትሽን ለማስታመም ብቻ እንደቀረሽ ሊሆን ይችላል። መምህር ነውና ወደ ዳባት አካባቢ መዛወር ይቻል እንደሆነ እሱም ሊያስብበት ይችላል። እስካሁን መሄድ ያለባት አንቺ ብቻ እንደሆንሽ ተደርጎ የተቆጠረው ለምን ይሆን?

በዚህ ሳምንት ሴቶቹን ሰብስበሽ ሒሳቡን አሳያቸው፤ በሚቀጥለው ደግሞ ለነጋዴው 60 ሰፌድ፣ 550 ብር፣ ግማሽ ቀብድ፣ የእናንተ ወረቀት የተንጠለጠለበት ብለሽ መልስ ስጪ። እምቢ ካሉም አንድ ሰፌድ ይዘሽ ሌሎች ሱቆች አሳዪ። ባለቤትሽ ሲመጣ ያንኑ ደብተር ፊቱ ዘርጊለት፤ አንድ ማታም ከእናንተ ጋር በመብራቱ ዙሪያ ይቀመጥ። ከጥምቀት በኋላ እንዴት እንደሆናችሁ ጻፊልኝ፤ ለእናትሽም ምሕረቱን ያምጣላት፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።